ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት

በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤተ ልሔም ላይ ገዳም መሥርቶ ይኖር የነበረው ሊቁ ቅዱስ ጄሮም፣ በ403 ገደማ ለአንዲት የሮም እመቤት በላከው ደብዳቤ፣ ከህንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚጎርፉ መነኮሳትን በየዕለቱ እንደሚቀበሉ ጽፏል። (ዓመታቱ፣ “ዓ.ም.” ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ይጠቀልል ስለነበር ከመነኮሳቱ መካከል የኖባ ሰዎችም ሳይኖሩ አይቀሩም። አክሱም ግን በንጉሥ ኢዛና ዘመን ክርስትናን ከተቀበለች ገና መቶ ዓመት አልሞላትም። እምነቱ አገር ውስጥ ሥር ሰድዶ ሳያበቃ ሰው ወደ ምንጩ መሄድ ጀምሯል ማለት ነው። የአክሱም ነገሥታት ያስመቱት ሳንቲም ኢየሩሳሌም ውስጥ ከመሬት ወጥቷል፤ ይዞት የሄደው ነጋዴም ይሁን ተሳላሚ፣ መንገዱ የተረገጠ መንገድ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን የዚህን መንገድ መጀመሪያ ከዚያም ወደ ኋላ ትወስደዋለች። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ወጣች፤ የህንደኬ ጃንደረባም ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ሲመለስ በጋዛ መንገድ ላይ በፊልጶስ እጅ ተጠመቀ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው የጃንደረባው ታሪክ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር አለው። ሰውየው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ቅድስቲቱ ከተማ ደርሶ ሰግዷል፤ ይፈልገው የነበረውን ያገኘው ግን በከተማዋ ውስጥ አልነበረም። ያገኘው በምድረ በዳ፣ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ነው።

የኢትዮጵያውያንና የኢየሩሳሌም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በነገሥታት ደብዳቤና በይዞታ ክርክር ነው። እኔ በእግረኛው በኩል ልተርከው እፈልጋለሁ፤ ይዞታውን ያቆመው እሱ ነውና። ተሳላሚ ሲበዛ እዚያ ያለን ቦታ ይሰፋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ይጠባል። አሥራ ስድስቱን መቶ ዓመታት ስመለከት ከዚህ የወጣ ዘመን አላየሁም።

በ525 ገደማ ንጉሥ ካሌብ ከናግራን ዘመቻ በኋላ ዘውዱን አውልቆ፣ በጌታ መቃብር ላይ ይሰቀል ብሎ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ ይባላል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ብዙ ዘመን ዝም ይላል። አክሱም ትደክማለች፣ ቀይ ባሕር በሌሎች እጅ ይገባል፣ የመንግሥቱ ልብ ወደ ደቡብ፣ ወደ ላስታ ይወርዳል።

በ1187 ሳላዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች እጅ ወሰደ። ቅዱስ ላሊበላ በላስታ የነገሠው በዚያው ዘመን ነው። ገድሉ መላእክት ወደ ኢየሩሳሌም ወስደው ቅዱሳት ቦታዎቹን እንዳሳዩት ይናገራል፤ እሱም ተመልሶ በሮሐ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ ዓለት ውስጥ ያየውን ጠረበ። ወንዙ ዮርዳኖስ ሆነ። ቤተ ጎልጎታ፣ የአዳም መቃብር፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ዘይት በአንድ ተራራ ወገብ ላይ በእግር የሚደረሱ ሆኑ። ገናን ለማክበር ከየአውራጃው በባዶ እግሩ የሚመጣው ተሳላሚ በሶውን ቋጥሮ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ሌሊት በሜዳ እያደረ ይደርሳል፤ የአገሩ ሰውም እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል።

ላሊበላ የተሠራው ኢየሩሳሌምን ለመተካት ነው የሚሉ አሉ። መንገዱ አስጊ ስለሆነ ንጉሡ ሕዝቡን ከጉዞ አሳረፈ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከላሊበላ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት ወደ ኢየሩሳሌም የሄደው ኢትዮጵያዊ ከዚያ በፊት ከምናውቀው ሁሉ ይበልጣል። በላስታ ያለችው ኢየሩሳሌም መሄድ ለማይችለው ነበረች፤ ልጅ ለታቀፈችው እናት፣ እርሻው ለማይለቀው ገበሬ፣ እግሩ ለደከመው ሽማግሌ። መሄድ የሚችለውን ደግሞ እዚያ ያያቸው ስሞች ይበልጥ አስናፈቁት እንጂ አላስቀሩትም።

ስለዚህ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ይግባ ጽዮን በኢየሩሳሌም ላሉት መነኮሳት ደብዳቤ ሲጽፍ የሚጽፈው ለተደራጀ ማኅበር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞችም በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሳቸው መቅደስ ያላቸውን ሐበሾች አይተዋል። አንዳንዶቹ፣ ሌላው ክርስቲያን በር ላይ ግብር ሲከፍል ሐበሾቹ ሳይከፍሉ እንደሚገቡ ጽፈዋል፤ ምክንያቱንም የግብፅ ሱልጣን የኢትዮጵያ ንጉሥ ዓባይን እንዳይዘጋበት ስለሚፈራ ነው ብለው አስረድተዋል። ዓባይን መዝጋት ይቻል ነበር ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ካይሮ ግን ታምነው ነበር፣ ተሳላሚውም በዚያ እምነት ጥላ ሥር ያልፍ ነበር።

መንገዱ እንዲህ ነው። ተሳላሚው ከየገዳሙና ከየአገሩ ተሰባስቦ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከባሕረ ምድር ወደ ስዋኪን ይወርዳል። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ የዓባይን ሸለቆ ይይዛል፣ ወይም በባሕር ይሄዳል። ግብፅ ሲደርስ ወገን ይቀበለዋል፤ እመቤታችን በስደቷ ያረፈችበት ደብረ ቁስቋም፣ በካይሮም ሐራት ዝዌላ፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩባቸው ነበር። ቀጥሎ ሲና፣ ቀጥሎ ጋዛ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም። የሚነሣ ሰው ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ከተጣላው ይታረቃል፣ ንብረቱን ያከፋፍላል። ቤተሰቡ የሚሸኘው ዳግመኛ ላያየው እንደሚችል እያወቀ ነው።

ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። በሰንበት አከባበር በተነሣው ክርክር ከአገራቸው በ1337 ገደማ ወጥተው በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ቆጵሮስ አልፈው በ1352 በአርመን አገር አረፉ። ገድላቸው ባሕሩን በአጽፋቸው ላይ ሆነው እንደተሻገሩ ይተርካል። ከደቀ መዛሙርታቸው የተመለሱት በሰሜን ትልልቅ ገዳማትን አቀኑ፤ የተሰደዱበትም የሁለቱ ሰንበታት ትምህርት ከመቶ ዓመት በኋላ በአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ጉባኤ ጸደቀ።

የአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የዚህ መንገድ ከፍተኛው ዘመን ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም ማኅበር የተላኩ መነኮሳት ፍሎረንስ ገብተው በጳጳሱ በአውጄኒዮስ አራተኛ ፊት ቆሙ። የላካቸው የማኅበሩ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ እንጂ ንጉሡ አልነበረም። ጳጳሱ ያኔ ስለ ኢትዮጵያ በአካል የሰሙት ከቤተ መንግሥት መልእክተኛ ሳይሆን ከተሳላሚ ነበር ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት በግብፅ የነበረው፣ በእመቤታችን መገለጥ የታወቀው የምጥማቅ ገዳም መፍረሱ ለአጼው ሲነገራቸው በተጉለት ደብረ ምጥማቅን አቆሙ፤ በ1443ም ለግብፁ ሱልጣን ጃቅማቅ ስለ ክርስቲያኖቹና ስለ ዓባይ ደብዳቤ ላኩ። ግማደ መስቀሉም ከውጭ መጥቶ በአምባሰል ግሼን ተራራ ላይ ያረፈው በዚህ ዘመን ነው ይባላል፤ እስከ ዛሬ መስከረም 21 ቀን ሰው ያን አቀበት ይወጣል። እዚያ የፈረሰውን እዚህ መሥራት፣ እዚያ ያለውን እዚህ ማምጣት፣ እግርንም ከመንገድ አለማቋረጥ አብረው የሚሄዱ ሥራዎች ነበሩ።

አንዳንዱ ተሳላሚ ኢየሩሳሌም ደርሶ አልተመለሰም፤ ወደ ሮም ቀጠለ፣ ጥቂቶችም እስከ ስፔን ሳንቲያጎ ደረሱ። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ማረፊያቸው ሆነ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ሰምቶ ተጠጋቸው፤ ከአንዱ መነኩሴ ከአባ ቶማስ ግእዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። በ1548 እና 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን እዚያው አሳተሙ። የታተመው የግእዝ ፊደል የተወለደው በተሳላሚዎች ማረፊያ ቤት ነው።

ግን አባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፉን ሲያሳትሙ የመጡበት መንገድ ከኋላቸው እየፈረሰ ነበር። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንድ አሳዛኝ ነገር ጽፎ ትቷል። ከሦስት መቶ የሚበልጡ መነኮሳት፣ መነኮሳይያትም አብረዋቸው፣ ከጥምቀት በኋላ ለሕማማት ኢየሩሳሌም ሊደርሱ በስዋኪን መንገድ ወጡ። በመንገድ ላይ አደጋ ተጣለባቸው፤ ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፣ ጎልማሶቹ ለባርነት ተሸጡ፣ ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰው በጉባኤ መሄዱን ተወ፤ አንድ ሁለት እየሆነ፣ ከነጋዴ ጋር እየተቀላቀለ ይሄድ ጀመር። ስለእነዚያ ሰዎች የተጻፈ ገድል የለም፤ በስንክሳር የሚነበብ ስምም የላቸውም። እኔ ግን ስለ ኢየሩሳሌም ይዞታችን በተነሣ ቁጥር ከነገሥታቱ በፊት እነሱ ይታሰቡ እላለሁ።

ሌላውም ችግር በዚያው ዘመን ተደራረበ። ኦቶማኖች በ1516 ኢየሩሳሌምን፣ በ1557 ምጽዋን ያዙ። በመካከሉ የኢማም አሕመድ ጦርነት (1529–1543) ገዳማቱን አቃጠለ፣ ለኢየሩሳሌም ይላክ የነበረው ስጦታ ነጠፈ። ቀረጡ ግን በየዓመቱ ይጨምር ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማኅበሩ መክፈል ተሳነው፤ በጌታ መቃብር ውስጥ የነበሩት መቅደሶች አንድ በአንድ ወደ ሌሎች ማኅበራት ዞሩ። ለኢትዮጵያውያን የቀረላቸው ጣራው ነው። ዴር ሱልጣን ይባላል፤ በትውፊታችን ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ የሰጣት ቦታ ነው። ከታች ያለው የቅድስት እሌኒ ቤተ መቅደስ ጉልላት በመሐል ብቅ ብሎበታል፣ ዙሪያውን ዝቅ ዝቅ ያሉ ትናንሽ ክፍሎች አሉ። መነኮሳቱ የዕለት ምግባቸውን ከአርመን ገዳም እየተቀበሉ እዚያ ኖሩ። የረሃቡን ዘመን በልመና ያለፉት ቦታውን ላለመልቀቅ ነው፤ ወደ አገር መመለስ ይቻል ነበር።

በ1838 ወረርሽኝ ገባና የዴር ሱልጣን መነኮሳት አለቁ። ከእነሱ ጋር መጻሕፍቱም ሰነዶቹም በሽታ ያዛምታሉ ተብለው ተቃጠሉ። የይዞታው ማስረጃ በአንድ ጊዜ አመድ ሆነ። ከግብፅ ቅብጦች ጋር እስከ ዛሬ ያለው ክርክር እዚህ ላይ ተካረረ። ይህን ስጽፍ ሐዘን ይሰማኛል፤ የተጣሉት ጠላቶች አይደሉም፣ አንዱ ለሌላው እስከ 1959 ድረስ ጳጳስ ሲሾም የኖረ፣ በአንድ ሃይማኖት የቆሙ ወንድማማቾች ናቸው። ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ ለኢትዮጵያውያን የቀረው ማስረጃ አንድ ነው፤ ከአገር ቤት አዲስ ሰው መጥቶ ባዶ በቀሩት ክፍሎች መግባቱ። መጡም።

ኢየሩሳሌምን የናፈቀው ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። በ1862 የቤተ እስራኤል መነኩሴ አባ ማሐሪ ወገኖቻቸውን ይዘው ከጎንደር አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈታል ብለው ነበር የወጡት። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ጣላቸው፤ ብዙዎች በመንገድ አለቁ፣ የቀሩት ተመለሱ። በየዓመቱ ለስግድ በዓል ተራራ የሚወጣው ሕዝብ ጸሎቱን ወደዚያችው ከተማ አቅንቶ መቆሙን ግን አላቋረጠም።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ ከምጽዋ መርከብ መሳፈርም ቀለለ። አጼ ዮሐንስ አራተኛ በጉንደትና በጉራዕ ድል ካደረጉ በኋላ ወርቅ ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ። በመምህር ወልደ ሰማዕት አስተዳደር ከቅጥሩ ውጭ መሬት ተገዝቶ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሕንፃ በ1880ዎቹ ተጀመረ፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተጠናቀቀ። እንደ አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱም ኪራያቸው መነኮሳቱን እንዲያኖር ቤቶች ሠሩ፤ ጎዳናው እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለአያቶቹ ወራት ይፈጅባቸው የነበረውን መንገድ ተሳላሚው በባቡርና በመርከብ ይሄደው ጀመር። መንገዱ ሲከፈት ቦታው እንደገና ሰፋ።

በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ገቡ፤ ከዚያም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ አርባ ልጆች የተባሉት እነሱ ናቸው። ለዘመናት መነኮሳቶቻችንን ለመገበው የአርመን ዳቦ ይህ ምላሽ ይመስለኛል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ያው ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ ጦራቸው ተሸንፎ፣ በጅቡቲ በኩል ወጥተው በሃይፋ ወደብ ወርደው ኢየሩሳሌም ደረሱ። ወደ አውሮፓ ከመሄዳቸው በፊት የገቡት ወደ ጸሎት ነው። በአምስቱ የጠላት ዓመታት ብዙ ስደተኛ መሳፍንትና ወይዛዝርት በእነዚያ ገዳማትና ቤቶች ተጠለሉ። በተሳላሚ ስጦታና በሞት ኑዛዜ የተሠራው ቤት የስደት ቤት ሆነ።

በ1948 ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች፤ ኪዳነ ምሕረት ከእስራኤል፣ ዴር ሱልጣን ከዮርዳኖስ በኩል ቀሩ። በ1967 እንደገና በአንድ እጅ ገቡ። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት የቅብጥ መነኮሳት በጸሎት ላይ ሳሉ የእስራኤል ፖሊስ የዴር ሱልጣንን ሁለት ቤተ መቅደሶች፣ የአርባዕቱ እንስሳንና የቅዱስ ሚካኤልን፣ ቁልፍ ለውጦ ለኢትዮጵያውያን ሰጠ። ያኔ እስራኤልና ግብፅ በጦርነት ላይ ነበሩ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለቅብጦች ይመለስ አለ፤ መንግሥት ግን ጉዳዩን እስኪመረምር አቆየው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ከካምፕ ዴቪድ ስምምነት በኋላ ደግሞ የቅብጡ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ምእመናናቸው ኢየሩሳሌምን እንዳይሳለሙ ከለከሉ። የኢትዮጵያ ተሳላሚ ግን፣ በደርግ ዘመን እንኳ እየሳሳ፣ ይመጣ ነበር።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤተ እስራኤል አባ ማሐሪ የጀመሩትን መንገድ በሱዳን በኩል ቀጠሉት። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ፣ ሽማግሌ በጫንቃቸው ተሸክመው ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ደረሱ። አራት ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድና በጣቢያዎቹ ሞቱ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉት በሙሴ ዘመቻ በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ 14 ሺህ የሚሆኑት ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ገቡ። ስግድ በ2008 የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆነ። ቀድሞ በጎንደር ተራራ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልዩ የነበሩት ቄሶች ዛሬ በዚያችው ከተማ ኮረብታ ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ኦሪትን ያነባሉ፤ በረሃ ላይ የቀሩትን ያስታውሳሉ።

በብሉይቱ ከተማ ያለው የዴር ሱልጣን ክርክር ግን አላለቀም። በ2017 ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደስ ጣሪያ ድንጋይ ወደቀ፤ በጥቅምት 2018 ጥገና ሲጀመር የቅብጥ መነኮሳት በር ላይ ቆመው ተቃወሙ፣ ፖሊስም በኃይል አነሣቸው። ከሩቅ ለሚሰማ ሁለት ጠባብ የጸሎት ክፍሎች ይህን ያህል ለምን እንደሚያጣሉ አይገባውም። እዚያ የቆመ ግን ወዲያው ይገባዋል። ከዴር ሱልጣን ጣራ ወደ ጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን አደባባይ የሚያወርደው ደረጃ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ያልፋል። መጀመሪያ አርባዕቱ እንስሳ፣ ቀጥሎ ቅዱስ ሚካኤል፣ ከዚያ ውጭ። ቁልፉን የያዘ የተሳላሚውን መተላለፊያ ይዟል። በሰሙነ ሕማማት ከአዲስ አበባ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡት፣ በእስራኤል ሠርተው የሚያድሩትም፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በዚያ ደረጃ ይወርዳሉ፤ በላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰሎሞን ንግሥተ ሳባን ሲቀበል የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል አልፈው፣ ግንቡን እየተሳለሙ፣ ወደ ጎልጎታ ይሄዳሉ።